ሰባት ቤት ስሚዝ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለቅድስት ወንድሙ
ኪጋሊ

ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር መረዳት አለብሽ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ እንግሊዝኛ ያስተማርኩሽ መምህርሽ ሆኜ አይደለም። አባትሽ አቶ ወንድሙ ሽፈራው ልታገቢው ያሰብሽውን ሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት እንዳጣራለት አደራ ሰጥቶኛል። አጣርቼ የምነግረውን ሰምቶ ወይ ይመርቅሻል፣ ወይ ይከለክልሻል። ስለዚህ ለእኔ የምትጽፊውን ሁሉ ለእሱ እንደጻፍሽው ቁጠሪው። እኔ ዘንድ የሚቀር ምስጢር የለም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በዚህ ወር መብረድ የነበረበት ሙቀት አልበረደም። ማሽላው ደርሷል፤ ሰው ግን ማሳው ውስጥ ብዙ መቆየት አይወድም። ስለ መንገዱ የጠየቅሽኝን በጽሑፍ አልመልስም። ኢንተርኔቱ እንደተዘጋ ነው። ስልኩ ይሠራል፤ አባትሽ ግን «የዘር ነገር በስልክ አይወራም፤ ማን ጆሮውን እንደጣለ አይታወቅም» ብሏል። ስለዚህ መንገድ ሲከፈት ሱፍዋን የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ደብዳቤዬን አዲስ አበባ ለአክስትሽ ልጅ ለሐና ያደርሳል። እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ የአንቺንም መልስ አትማ በእሱ ትመልስልኛለች።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለአባትሽ በጻፍሽው ላይ የሰውየው ስም ናታን ስሚዝ፣ አገሩ እንግሊዝ፣ ሥራው እዚያው ኪጋሊ የውሃ መሐንዲስ ነው ብለሻል። እስከዚህ መልካም። ስለ ዘሩ ግን የጻፍሽው ይህን ብቻ ነው፦ «አባቱ ስሚዝ፣ አያቱ ስሚዝ፣ ቅድመ አያቱ ስሚዝ፣ ወደ ላይ ሁሉም ስሚዝ ናቸው።» አባትሽ ይህን ደጋግሞ አስነበበኝና «ትቀልድብኛለች እንዴ?» አለ።

የእነሱ ስም እንደ እኛ እንዳልሆነ አስረዳሁት። የእኛ የአባት ስም የልጅ ልጅ ሲመጣ ቦታውን ይለቅቃል፤ የእነሱ የቤተሰብ ስም ግን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል አልኩት። አሰበና «እሺ፣ ስሙ ይኑር። ሰዎቹስ የት አሉ?» አለኝ።

ስለ ስሙ በእጄ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ አየሁ። ስሚዝ ማለት ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። በየመንደራቸው አንድ ቀጥቃጭ ስለነበር ስሙ በዛ፤ ዛሬ በእንግሊዝ ከእሱ የሚበልጥ የተለመደ ስም የለም ይባላል። ይህን በእናትሽ ፊት መተርጎሜ ስህተት ነበር። እናትሽ ሸዋዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ልጄን ለባለእጅ?» አለች። የአካባቢያችንን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ማረሻውን ከቀጥቃጭ ቤት ይገዛል፣ ልጁን ግን ለዚያ ቤት አይሰጥም። ስሙን ያወጡት ሰዎች ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል ብላትም አልሰማችኝም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ማንነቱን መደበቅ የፈለገ እንግሊዛዊ ሆቴል ሲያድር ስሙን ስሚዝ ብሎ ያስመዘግባል ሲባል ሰምቻለሁ። ስሙን የሚጋራው ሰው ብዙ ስለሆነ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ይህ ሰው እውነት ስሚዝ መሆኑን በምን አወቅሽ?

እንግዲህ የእያንዳንዱን አባት የራሱን ስም ጻፊልኝ። የእናቱን ስምና የእናቱን አባት ስም ጨምሪ። ፎቶውንም ላኪ። ሁለት ዓመት የምታውቂው ሰው አንድ ፎቶ የለውም ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ወልደማርያም ታፈሰ


ኪጋሊ፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ወልደማርያም

ጤናዎን እንደምን ከረሙ? ስለ ዐይንዎ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ደብረ ብርሃን ለሕክምና መሄድ እንደነበረብዎት፣ መንገዱ ተዘግቶ ከግማሽ እንደተመለሱ ከሐና ሰማሁ። እኔ ዘንድ የሚቀር ምስጢር የለም ላሉት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቆጥሬብዎታለሁ።

የቀደመውን ደብዳቤ በችኮላ ስለጻፍኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀልድ አልነበረም። አባቴ «ሰባት ቤት» ሲል ሄጄ ለናታን ነገርኩት፤ እሱም «የእኛ ቤት አንድ ነው፤ የእንግዳ መኝታ ቤት ግን የለውም» አለኝ። እስካስረዳው ድረስ ስቀን ነበር። ከዚያ በኋላ አልሳቅንም።

የጠየቁኝ ይኸው። ናታን የክሊፍተን ልጅ ነው፣ ክሊፍተን የቪንሰንት፣ ቪንሰንት የጆሳያ፣ ጆሳያ የአሞስ። ከአሞስ በላይ አያውቅም። ስለ ሥራቸው ከጠየቁኝ፣ ክሊፍተን በርሚንግሃም በምትባል ከተማ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቪንሰንት እዚያው ከተማ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርቷል። አዎ፣ ብረት። ከሁሉም መሀል አንዱ በእውነት ብረት ነክቶ ተገኝቷል። እባክዎን ይህን ለእናቴ አይንገሩብኝ፤ ሠርጌ ላይ ለቡዳ ክታብ ታስርልኛለች።

እናቱ አይሪስ ትባላለች፤ የአባቷ ስም ሄክተር ስሚዝ ነው። አይሳሳቱ፤ የባሏን ስም ወስዳ አይደለም። ከማግባቷም በፊት ስሚዝ ነበረች። ዘመድ አይደሉም። በሠርጋቸው ቀን አክስቷ «ቢያንስ መታወቂያሽን ለመቀየር አትሰለፊም» ብላ እንደቀለደች ነግራኛለች።

እውነተኛ ስሙ ነው ወይ ላሉኝ፣ ፓስፖርቱን አይቻለሁ። እናቱን በስልክ አነጋግሬያታለሁ። ሆቴል ውስጥ አላገኘሁትም፤ ያገኘሁት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ነው፣ ስለ ውሃ ቧንቧ ስንነጋገር።

ፎቶውን በሚቀጥለው እልካለሁ፤ አሁን ያለኝ ጥርት ያለ አይደለም።

አክባሪዎ ቅድስት


ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለቅድስት

እንደምን አለሽ? መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሱፍዋን መኪናውን አቁሞ ቤቱ ከርሞ ነበር፤ ምክንያቱን አልጠየቅኩትም። ዐይኔን በተመለከተ የጠየቅሽው ይህ ጉዳይ እስኪያልቅ ይቆይ፤ ይህን ጽሑፍ የማነብበት ብርሃን አልጎደለኝም።

ደብዳቤሽን ለአባትሽ አነበብኩለት። ሼህ ኡበይድም ነበሩ። የሽንኩርት ነጋዴው ሼህ ኡበይድ ከአባትሽ ጋር በአንድ ቦይ ውሃ የሚያጠጡ፣ ተወልደው ያደጉት አሊዩ አምባ የሆነ ሽማግሌ መሆናቸውን አትረሺም። አባትሽ የዘር ነገር የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ይኑር ብሎ ነው የጠራቸው። ከአባቶቹ ስም ጀመርኩ፤ ደህና ሄደ። የእናቱ ስም ላይ ስደርስ አባትሽ እጁን አነሣ።

«አባትየው ስሚዝ?»

«አዎ።»

«እናትየዋም ከመጀመሪያው ስሚዝ?»

«አዎ።»

«እህቱን ነው ያገባው?»

ስሙ በእንግሊዝ አገር ሁሉ የተበተነ ነው፣ ሁለት ስሚዝ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም ብዬ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። «ስማቸው ከአንድ አባት ካልመጣ ከየት መጣ?» አለኝ። ሼህ ኡበይድ ነገሩን ለማቅለል ፈለጉ። «ወላሂ እናንተ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ እስክትጨርሱ ሙሽራዋ ታረጃለች። እኛ የአጎታችንን ልጅ አግብተን፣ ወልደን፣ አሁን ለልጃችን ሚስት እየፈለግን ነው» አሉ። እኔ ሳቅኩ። አባትሽ አልሳቀም። የቪንሰንትን የብረት ሥራም ነግሬዋለሁ፤ ለእናትሽ ንገር ስላላለኝ አልነገርኳትም።

ልጄ፣ በግልጽ ልጻፍልሽ። አባትሽ ስለ እናትየዋ ይጠራጠራል። እኔ የምጠራጠረው አንቺን ነው። ተማሪ ሳለሽ የቤት ሥራሽን ሳትሠሪ ስትመጪ ደብተሬን ረስቼ መጣሁ የምትይበት ድምፅ ነበረሽ። «ያለኝ ፎቶ ጥርት ያለ አይደለም» የሚለውን ሳነብ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧ የሚሠራ መሐንዲስ በሞላበት አገር ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ጠፋ ማለት አይሆንም።

ሁለተኛም፣ አሞስ ላይ ያቆምሽው ለምንድን ነው? እንግሊዞች ልደቱን፣ ጥምቀቱን፣ ሞቱን በየቤተ ክርስቲያናቸው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሰው መጻፍ ሳያውቅ ሰባት ይቆጥራል፤ የተማረው አራት ላይ እንዴት ያልቃል? ወይ እሱ የደበቀሽ ነገር አለ፣ ወይ አንቺ የደበቅሽን። አባትሽ እስከ ጾሙ መግቢያ ካልተመለሰለት ነገሩን እንደሚዘጋው ተናግሯል። ከፋሲካ በኋላ የታሰበው ሠርግ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ወልደማርያም


ኪጋሊ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ወልደማርያም

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ልክ ነዎት፤ የረሳሁት ደብተር የለም። ፎቶው ከዚህ ጋር ነው። ሐና በቀለም እንድታትመው ነግሬያታለሁ።

እንግሊዛዊ ነው ስል ሁላችሁም ፈረንጅ ታያችሁ። እኔም አላረምኳችሁም። እንደሚያዩት ናታን ጥቁር ነው፤ ከእኔም፣ ከአባቴም ይጠቁራል። ተወልዶ ያደገው በርሚንግሃም ነው። አያቱ ቪንሰንት ግን በወጣትነቱ በመርከብ የመጣው ከጃማይካ ደሴት ነው። አሁን ለምን አሞስ ላይ እንዳቆምኩ ገብቶዎት ይሆናል። ካልገባዎት ልጻፈው፤ መጻፍ የፈራሁትም ይህን ነው።

የአሞስ አባትና እናት ሸንኮራ አገዳ ማሳ ላይ በባርነት የሚሠሩ ነበሩ። የማሳው ጌታ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ነፃ ሲወጡ የአባት ስም ተጠየቁ፤ የተጻፈላቸው የገዛቸው ሰው ስም ነው። የአይሪስም ወገኖች እንዲሁ ናቸው፤ ነገር ግን ከደሴቲቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ከሌላ ጌታ። እሱም ስሚዝ ይባል ነበር፤ እርስዎ እንዳሉት ስሙ የበዛ ነዋ። አባቴ «ከአንድ አባት ካልመጣ ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቋል። ከአባት አልመጣም። መልሱ ይኸው ነው።

ናታንን እንደገና ጠየቅኩት፤ እርስዎ ስላዘዙኝ ነው እንጂ አልፈልግም ነበር። «ከአሞስ በላይ ያሉትን የቆጠራቸው የሸጣቸው ሰው ነው» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

ለምን ደበቅሽ ይሉኛል። እቤታችን «አጥንቱ አይታወቅም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ እንዳይጋባ ብቻ ነው ብለው በክፍል ውስጥ አስተምረውናል። እርስዎ ያንን ያምኑ ይሆናል። እኔ ግን ሽማግሌዎች ተጠራርተው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ዘመድ ሲያገኙ እንዳልሆነ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የናታንን ወገን ስትመረምሩ ወራት ሆናችሁ። የእኛንስ ማን ቆጠረው? ቆጠራ የሁለት ወገን አይደለም እንዴ? እርስዎ እንኳን የአንዱን ተማሪ ወረቀት አርመው የሌላውን ሳያዩ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብዬ ለናታን ነግሬዋለሁ። እሱን ካልሆነም ሌላ አላገባም። ይህን ለአባቴ እንዳለ ያንብቡለት።

ቅድስት


ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለቅድስት

ደስ ሊልሽ የሚገባ ዜና ነው፤ እኔ ግን ገና አልተደሰትኩበትም።

ደብዳቤሽን ለአባትሽ ሽንኩርት ማሳው ዳር ተቀምጠን አነበብኩለት፤ አንድም ቃል አልዘለልኩም። ፎቶውን ተቀብሎ ከማንጎው ጥላ ወጣና ፀሐይ ላይ አየው። ይጮሃል ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠየቀኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ራሱ ነው የነገራት?» አዎ አልኩት። «በል ከአሞስ በላይ አትጠይቅ። አባትሽ መርቆሻል ብለህ ጻፍላት። ይምጡና ሠርጉ እዚህ ይሁን» አለ። ከዚያ አካፋውን አንሥቶ ውሃ ሊመልስ ሄደ።

አሁን የምጽፍልሽን በጥሞና አንብቢ። አባትሽን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእህቱን ልጅ የቢኒያምን ሠርግ «ስድስተኛው ቤት አጠራጠረኝ» ብሎ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ያስቀረ ሰው ነው። አራት ቤት ላይ ቆሞ «አትጠይቅ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ፈጥኖ የሚስማማ ሰው ወይ ልቡ ተለውጧል፣ ወይ ሌላ ሐሳብ አለው። «ይምጡና እዚህ ይሁን» ማለቱን አልወደድኩትም። አንቺን አገር ቤት ካስገባ በኋላ ሊከለክልሽ ቢያስብስ? እናትሽም ፎቶውን አላየችም፤ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል።

ለብቻው የጻፍሽለት ነገር አለ ወይ? በስልክስ የነገርሽው? ካለ ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እስካጣራ ድረስ ትኬት አትግዙ።

ወልደማርያም


ኪጋሊ፣ የካቲት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ

ምንም አልጻፍኩለትም። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት እሱ ራሱ ደወለ። ስለ ሽንኩርቱና ስለ ውሃ ተራ ብዙ አወራኝ። በመጨረሻ «ልጁ እጁ ላይ ጠባሳ አለው፤ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ፎቶውን እንዲህ አድርጎ እንዳየው አላሰብኩም ነበር። ልጅ ሳለ ብስክሌት ጥሎት ነው አልኩት። «አይዞህ በዪው» አለኝ። እኔም «አባዬ፣ ለምን እሺ አልከኝ?» ብዬ ጠየቅኩት። ስልኩ ተዘጋ። መሥመሩ ይሁን እሱ ይሁን አላውቅም።

ናታን ትኬት እንግዛ ይላል። እኔ አባቴን ማመን እፈልጋለሁ፤ እርስዎንም ማመን ለምጃለሁ። ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ማመን አልቻልኩም። እርስዎ ሲጀምሩ ሳይጨርሱ የማይተዉ ሰው ነዎት። ያንን የጠየቅኩዎትን የእኛን ቆጠራ ይጨርሱልኝ።

ቅድስት


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቅድስት

የሚከተለውን የምጽፍልሽ በአባትሽ ፈቃድ ነው። ይልቁንም በአባትሽ ትእዛዝ ነው፤ ራሱ ሊነግርሽ ስልክ አንሥቶ አልሆነለትም።

የጠየቅሽኝን ቆጠራ ጀመርኩ። አባትሽን የእናንተን ሰባት ቤት ቁጠርልኝ ስለው እንደሚያዜም ሰው ሳያቋርጥ ቆጠረው፦ ወንድሙ፣ ሽፈራው፣ ተሰማ፣ ወልደጻድቅ፣ በዛብህ፣ ኃይሉ፣ ንጉሤ። ሰባት ሞላ። በዛብህ አንኮበር አጠገብ ሰፊ መሬት የነበረው ባላባት ነው፤ ልጅ ሆነሽም በእሱ ስትመኪ አስታውሳለሁ።

አንድን መልስ ትክክል ነው ከማለቴ በፊት ከሌላ አቅጣጫም ማመሳከር ልማዴ ነው። ስለዚህ የበዛብህን ሌሎች ዘሮች መቁጠር ያዝኩ። የአባትሽ አክስት፣ ማለት የተሰማ ልጅ፣ ያገባችው የበዛብህን የልጅ ልጅ ልጅ እንደሆነ አገኘሁ። እሷም በቆጠራው የበዛብህ የልጅ ልጅ ልጅ ናት። በሦስተኛ ቤት የሚገናኙ ዘመዳሞች በቤተ ክርስቲያን፣ ሽማግሌ ቆጥሮ፣ ካህን ባርኮ ተጋብተዋል ማለት ነው። ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት፣ የሚጦረው ያጣ ነበርና ወገኖቹም አልተከራከሩም ይባላል። ግን ዘመድ ናቸው ብሎ የተቃወመ አንድ ሰው እንዴት ጠፋ? የዚያ ዘመን ሽማግሌ መቁጠር ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የክሊፍተንና የአይሪስ ነገር ትዝ አለኝ። በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን በደም የማይገናኙ ሁለት ሰዎች እዚህም ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበር።

የሼህ ኡበይድ አያቶች አሊዩ አምባ ሲራራ ነጋዴዎች ስለነበሩ የዚያን ዘመን ወሬ ይሰሙ ይሆናል ብዬ ወደ እሳቸው ሄጄ፣ ተሰማን ከበዛብህ ጋር የሚያያይዘው የወልደጻድቅ ስም ሲነሣ ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቃቸው ወዲያው ጠፋ። «መምህር፣ እኔን አይጠይቁኝ። ወንድሙን ይጠይቁት» አሉኝ። ለእኔ ይህም መልስ ነበር።

አባትሽን ቦዩ ዳር አገኘሁት። የበዛብህን ስም ጠርቼ ስለ አክስቱ ጋብቻ ስጀምር አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

«ደረስክበት» አለኝ።

ወልደጻድቅ የበዛብህ ልጅ አልነበረም። አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ከሲራራ ጋር መጥቶ የተሸጠ ትንሽ ልጅ ነበር። በዛብህ ገዛው፤ ቤቱ አስገብቶ ክርስትና አስነሣው፤ ልጁ ሲያድግ በጌታው ስም ተጠራ። ከየት እንደመጣ፣ እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር የሚያውቅ የለም። ይህን ለአባትሽ የነገረው አያትሽ ሽፈራው ነው፤ ሲነግረውም እንዳይናገር አስምሎታል። እኔ ጓደኛው ሆኜ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። እናትሽ ሸዋዬም አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ወገኖቿ አይድሯትም ነበር፤ ይህን የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

ታዲያ የሰው አጥንት ስትቆጥር፣ የቢኒያምን ሠርግ ስታስቀር እንዴት አስቻለህ አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። አልተከላከለም። «ቆጣሪውን ማን ይቆጥረዋል ብዬ ነዋ» አለኝ። «አንተንም የላክሁህ ለዚያ ነው። እንግሊዝ ድረስ ስትፈልግ ከርመህ ቦዩን ተሻግረህ እዚህ አትመጣም ብዬ ነበር።»

ፈጥኖ ስለመመረቁ ያደረብኝን ጥርጣሬ ነገርኩት። አንቺን አታልሎ ሊያስቀር ነው ብዬ መጻፌንም ሰማ። አልተቀየመኝም። ከኪሱ ፎቶውን አውጥቶ ተመለከተና «ይህ ልጅ ገና ሳያገባት ለልጄ የነገራትን፣ እኔ አብሬያት ለሸበትኩት ሴት አልነገርኳትም» አለኝ። ስለዚህ ምርቃቱ እውነተኛ ነው። ያንን ጥርጣሬ ካንቺ ልብ ውስጥ እኔ እንዳስገባሁት እኔው ላውጣው፤ አባትሽን እመኚ።

ነገር ግን አሁን ምርቃቱን የሚጠብቀው እሱ ሆኗል። «እኛ ጠይቀናቸዋል፤ መልሰውልናል። አሁን እነሱ ይጠይቁን» ይላል። አቶ ክሊፍተንና ወይዘሮ አይሪስ ይህን ሁሉ እንዲሰሙ ይፈልጋል። የእኛም ቆጠራ ወልደጻድቅ ላይ እንደሚቆም፣ ከዚያ በላይ ያለው የገዢው ዘር እንደሆነ፣ ይህን እያወቀ ልጃቸውን ወራት ሙሉ ሲያስመረምር እንደቆየ እንዲነገራቸው ይፈልጋል። ይህን ሰምተው ልጅህን እንፈልጋለን ካሉ ከፋሲካ በኋላ ድንኳኑን ይተክላል። አንፈልግም ካሉም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በእነሱ አልፈርድም ይላል።

እምቢ አይሉም አልኩት፤ እነሱ እንዲህ ያለ ነገር የሚቆጥሩ ሰዎች አይደሉም ብዬ ሞገትኩት። አላመነኝም። ከዚህ አገር ውጭ የተወለደ ሰው በአጥንቱ ሳያፍር ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብደዋል። ከእነሱ ቃል ሳይመጣ ለእናትሽም አይነግራትም። ቃሉ ሲመጣ ግን፣ የሚያስደስትም ቢሆን የሚያሳዝን፣ በዚያው ቀን ሊነግራት ወስኗል። ሼህ ኡበይድ አብረውት ሊገቡ ቃል ገብተዋል።

ስለዚህ በስልክ አትደውዪለት። ልታጽናኚውም አትሞክሪ፤ ጊዜው አሁን አይደለም። ደብዳቤዬን ለሁለቱ ወላጆች ራስሽ ተርጉሚላቸው፤ የጻፍኩትን አታለሳልሺ። እነሱ የሚሉትንም በራሳቸው አባባል ጻፊልኝ፤ አታሳምሪው፣ አትጨምሪበት። ቢቆጡም ቁጣቸውን ጻፊ። እኔም ሳልቀንስ አነብለታለሁ።

ሱፍዋን መንገዱ ከተከፈተ ጀምሮ እየተመላለሰ ነው። ይህ ደብዳቤ ገና ሳይላክ እንኳ፣ ሚኒባሱ በገባ ቁጥር አባትሽ ቀድሞኝ መናኸሪያ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ማንበብ እንደማይሆንለት እያወቀ ፖስታውን መጀመሪያ እሱ መቀበል ይፈልጋል። እስካሁን ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ቅድስት፣ ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ለአይሪስና ለክሊፍተን ደውዪ፤ መልሳቸውንም ሳታሳድሪ ላኪልን።

ወልደማርያም ታፈሰ